ከበሩ በላይ 13 ሳንቲም

ጥያቄውን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ክሩ፣ ከጥያቄው ሥር የተደረደረው የመልስ ሰንሰለት፣ እንዴት እንደሄደ የመናገሩ ዕዳም የኔ ነው። ቦታው የሐዋሳ ልጆች የምንሰባሰብበት የውይይት መድረክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወራበት የቤት ኪራይና የባጃጅ ዋጋ ነው። እኔ ግን የካናዳ በር ይዤ መጣሁ።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ዩኮን ነው፤ ካናዳ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከአላስካ ጎን። ከዋይትሆርስ ከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ መሬት አገኘና በገዛ እጁ የግንድ ቤት ይሠራል። የጣውላ ቤት ማለቴ አይደለም። ሙሉ ግንድ ነው፤ ቅርፊቱ ተልጦ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሞ፣ ማዕዘኑ ላይ ተቦርቡሮ እርስ በርሱ ተነካክሶ የሚቆም። መስከረም ላይ ግድግዳው አልቆ፣ ጣሪያው ወጥቶ፣ በርና መስኮት ሊገጥም ሲል ደወለልኝ። ሥራውን የሚያሳየው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ። ሽማግሌው ከበሩ መቃን በላይ፣ በመቃኑና በግንዱ መሃል፣ 13 ሳንቲም ባዶ ቦታ እንዲተው አዝዞታል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ክረምቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚወርድበት አገር ነው። ስናግ በምትባል የዩኮን ቦታ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1947 ከዜሮ በታች ወደ 63 ዲግሪ ተመዝግቧል። እኛ ሐምሌ ላይ የሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ጋቢ የምንፈልግ ሰዎች ነን። ጡብ የሚያስገባ ቀዳዳ ከበር በላይ ትቶ መተኛት አልገባኝም። ወንድሜም አልገባውም፤ ሽማግሌውን ደጋግሞ መጠየቅ ግን አፈረ። ስለዚህ ሰውየው እያሾፈበት እንደሆነ ወይም ነገር እንዳለው የሚያውቅ ካለ ብዬ ለመድረኩ ጻፍኩ።

1ኛው መልስ የእንኳን ደስ አላችሁ ምኞት ብቻ ነበር። 2ኛው፣ አንድ የአረብ ሰፈር ልጅ፣ ቤቱን ምስጥ ስንት ዓመት ያቆየዋል ብሎ አሰበ። ዩኮን ምስጥ እንደሌለ ነገርኩት። አላመነኝም፤ ምስጥ የሌለበት አገር አለ ማለት ለሱ ዝንብ የሌለበት ሥጋ ቤት አለ እንደማለት ነው።

3ኛው የጋሼ ነበር። ጋሼ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። 40 ዓመት ሙሉ መዶሻ ይዘዋል፤ መድረኩ ላይ ስለ ቤት ነገር ሲነሳ ሁሉም እሳቸውን ይጠብቃል። መልሳቸው አጭር ነበር። ከመቃን በላይ ክፍተት የሚተው አናጢ ልኩን ስቶ የቆረጠ አናጢ ነው፤ ስህተቱን በጣውላ ሸፍኖ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። መቃን ከጉበን ጋር ገጥሞ ካልተቀመጠ በር አይባልም። ወንድሜ ሽማግሌውን አመስግኖ እንዲያሰናብተው መከሩ።

4ኛው ይህን ሲያነብ የራሱ ቁስል አመረቀዘ። ቱላ አካባቢ ቤት ሲሠራ አንድ አናጢ መስኮቱን አሳጥሮ ቆርጦ ክፍተቱን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅጥቆ፣ ላዩን በጭቃ መርጎ፣ ቀለም ቀብቶ አስረከበው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ወረቀቱ ረጥቦ አብጦ ግድግዳው ላይ እንደ ዳቦ ተነፋ። ሌሊት ላይ ፍርስ ብሎ አልጋው ላይ ወደቀ። 5ኛው በዚህ ሳቀና የባሕር ዛፍ አጣና ገዝቶ በሦስት ወሩ እንደ ቀስት የተቆለመመበትን አወራ። ወንድሜ እስከዚህ ድረስ አጭበርባሪ እጅ የወደቀ ምስኪን ነበር።

6ኛው ላይ አንዲት ሴት ገባች። ወንዶ ገነት ደን የተማረች ናት። አስተያየት አልሰጠችም፤ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች። ግንዱ የተቆረጠው መቼ ነው፣ በሩስ ስንት ሜትር ይረዝማል? ወንድሜ ጋ ደውዬ 7ኛው ላይ መለስኩላት። ዛፉ ነጭ ስፕሩስ ነው፤ ከጥድ ወገን የሆነ። የተቆረጠው ባለፈው ክረምት መሬቱ በረዶ ሆኖ ሳለ ነው። በበረዶ ላይ ግንድ መጎተት ይቀላል፤ ጭቃ አይነካውም፤ ሻጋታም ቶሎ አይዘውም። በሩ 2 ሜትር ከ10 ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ሰደድ እሳት የገደለው፣ ቆሞ የደረቀ እንጨት እንዲገዛ መክሮት ነበር። ወንድሜ ግን እንጨቱ ተሰነጣጥቆ ሲያየው ልቡ እምቢ አለና እርጥቡን መረጠ።

8ኛው የዚች ልጅ መልስ ነው፤ ክሩን ያዞረው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ አይጨማደድም፤ ቢጨማደድም በዓይን አይታይም። የሚቀጥነው በውፍረቱ ነው። የኛ የጭቃ ቤት ምሰሶው ቆሞ ነው ያለው። ቢደርቅ ቢሰነጠቅ ይቀጥናል እንጂ አያጥርም፤ ቤቱም አይወርድም። የግንድ ቤት ግድግዳ ግን የተኛ እንጨት ነው። እያንዳንዱ ግንድ በውፍረቱ ትንሽ ትንሽ ሲቀንስ የሁሉም ተደምሮ ግድግዳው ይወርዳል። እርጥብ ግንድ ከሆነ ከመቶ ወደ 6 እጁን ነው። 2 ሜትር ከ10ን በ6 በመቶ ብታባዙት 12.6 ሳንቲም ይመጣል። ሽማግሌው የነገረው 13 ያ ነው።

የበሩ መቃን ደግሞ የቆመ እንጨት ነው፤ አይወርድም። ግድግዳው ሲወርድ መቃኑ ባለበት ይቆያል። ክፍተት ካልተተወ ጉበኑ መቃኑ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወይ በሩ ተጨንቆ አልከፈትም ይላል፣ ወይ ከበሩ በላይ ያሉት ግንዶች ተንጠልጥለው ይቀሩና በመሃላቸው ስንጥቅ ይከፈታል። መቃኑም ከግንዱ ጋር በምስማር አይመታም። የግንዶቹ ጫፍ ላይ ቁልቁል ቦይ ይቦረቦራል፤ ቦዩ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ይገባል፤ መቃኑ የሚታሰረው ከዚያ እንጨት ጋር ነው። ግድግዳው እንደ መሳቢያ በጎኑ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ባዶው ቦታ በሱፍ ነገር ይሞላና በጣውላ ይሸፈናል። ጣውላው ግን የሚመታው ከላይ፣ ከግንዱ ጋር ብቻ ነው። ከታች ከመቃኑም ጋር የመታው ሰው ሥራውን ሁሉ ከንቱ አደረገው ማለት ነው።

ይሄኔ ዝም የሚባል መስሎኝ ነበር። ጋሼ 9ኛው ላይ ተመለሱ፤ ድምፃቸው ተቀይሯል። እንጨት እንደሚቀጥን እሷ ሳትወለድ እንደሚያውቁ ጻፉ። በመጽሐፍ ቤት የሠራ ሰው እስካሁን እንዳላዩም ጨመሩ። 10ኛው አንድ ወጣት እሳቸውን ተሳደበ ማለት ይቻላል። 11ኛው ያንን ወጣት ሰደበ። 12ኛው ሁለቱንም አስታረቀ፤ ቢያንስ ሞከረ። ልጅቷ ግን አንድ ቃል አልመለሰችም። ይህን በጣም ወደድኩላት።

ከ13 እስከ 17 ስለ ዓሣ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የወንድሜን ቤት ፎቶ ስለጥፍ ከኋላው ሐይቅ ነበር። አንዱ የሐዋሳ ሐይቅ ይበልጣል አለ። ሌላው አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶ እንደ ድሮው እንደማይገኝ፣ አምባዛም እንደተወደደ አማረረ። ከዚያ ዓሣ በሎሚ ወይስ በሚጥሚጣ የሚል ክርክር ተነሳ። ለዚህ መልስ ያላችሁ ሌላ ክር ክፈቱ።

18ኛው ስዊድን የሚኖር የሐዋሳ ልጅ ነው። ጨዋታ አዋቂ። የግንድ ቤት ሥራ ላይ ጎረቤቱን ረድቶ ያውቃል፤ እጁ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር ገለጸ። እንደሱ አባባል ከባዱ ነገር ማንሳቱ አይደለም፤ ማገጣጠሙ ነው። የላይኛው ግንድ ታችኛው ላይ ይቀመጣል፤ ግን ሁለቱም ጎርበጥባጣ ናቸው። ኮምፓስ የመሰለ ሁለት እርሳስ ያለው መሣሪያ አለ፤ ላዩ ላይ ትንሽ ውሃ ልክ ተገጥሞበታል። አንዱ እርሳስ የታችኛውን ግንድ ጀርባ እየዳሰሰ ሲሄድ ሌላው ያንኑ ጉብታና ጎድጓዳ የላይኛው ሆድ ላይ ይሥላል። ከዚያ ግንዱ ይገለበጥና በተሣለው ልክ ሆዱ ይቦረቦራል። መልሰህ ስታስቀምጠው እንደ ክዳን ይከደናል። የሚቦረቦረው ሁሌም የላይኛው ሆድ ነው፤ የታችኛው ጀርባ ቢቦረቦር ውሃ ይቋጥርና ይበሰብሳል። በመሃል የደረቀ ሽበት የመሰለ የረግረግ ሣር ይጠቀጠቃል። እሱ እንዳለው አንድ ግንድ ለማጋጠም ቀኑን ሙሉ ፈጅቶበት፣ ሲጨርስ ዙሪያውን ቢላ ይዞ ዞሮ ማስገቢያ አጣ። ያን ቀን የጠጣው ቢራ ከሁሉ ይጣፍጥ ነበር።

19ኛው በዚህ ተነሽጦ ሩሲያ ኪዢ ደሴት ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አነሳ። 22 ጉልላት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1714 የተሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ከእንጨት። አንድም ምስማር የለበትም ብሎ ደመደመ። 20ኛው ወዲያው አረመው፤ ግንዶቹ ያለ ምስማር መያያዛቸው ልክ ነው፣ ጉልላቶቹን እንደ ዓሣ ቅርፊት የሸፈኑት ትናንሽ እንጨቶች ግን በምስማር የተመቱ ናቸው። 19ኛው ቅር አለው። ያለ ምስማር የሚለው ወሬ ለምን እንደሚጥመን አላውቅም፤ እኔም ብሆን ቅር ብሎኛል።

21ኛው አላስካ ውስጥ ብቻውን ስለኖረው ዲክ ፕሬኔኪ ጻፈ። 50 ዓመት ካለፈው በኋላ በእጅ መሣሪያ ብቻ ቤት ሠርቶ ወደ 30 ዓመት እዚያው ኖረ። ቤቱ ዛሬም ሌክ ክላርክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቆሟል። የመጥረቢያና የመሮውን ብረት ብቻ ተሸክሞ ሄዶ እጀታቸውን እዚያው ጠረበ። 22ኛው ደግሞ ሰዎች ታሪኩን ሲያወሩ የሚዘሉትን ጨመረ። ግንዱን እ.ኤ.አ. በ1967 ቆርጦ ክረምቱን ሙሉ አስቀመጠው፤ ቤቱን ያቆመው በ1968 ነው። ጣሪያው ላይም ከሣሩ ሥር የሬንጅ ወረቀትና ላስቲክ አለ፤ በአውሮፕላን ስንቅ የሚያመጣለት ወዳጅም ነበረው። ይህ የሰውየውን ክብር አይቀንስም። ወንድሜ ግን ክረምቱን ዘሎ በችኮላ መጀመሩን ሳስብ ትንሽ ደነገጥኩ።

ከዚያ 23ኛው መጣ። ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ ቃላት አይቆጥብም። የግንድ ቤት ውበት እንጂ ሙቀት እንደሌለው ተናገረ። 30 ሳንቲም ውፍረት ያለው እንጨት 15 ሳንቲም ፋይበር ግላስ የሞላበትን ተራ ግድግዳ ያህል ብርድ አይከላከልም፤ ክብ ሲሆን ደግሞ የሚጋጠምበት ቦታ ይሳሳል። ሒሳቡ ልክ ነው። 24ኛው ግን በዚህ ላይ ቤንዚን ጨመረ። ሰው ካናዳ ሄዶ በማገዶ እንጨት ቤት ከሚሠራ ያንን ገንዘብ እናቱ ጋ ለምን አይልክም፣ እዚህ ስንት ሰው ቤት አጥቶ፣ ስንት ዛፍ ተጨፍጭፎ፣ ወዘተ። 25ኛው የኔ ነው፤ አሁን ሳነበው አፍራለሁ። ስለ ሰው ወንድም ኪስ የሚያወራ ሰው የራሱን ኪስ ይቁጠር የሚል ዓይነት ነበር፤ ከዚያም የከፋ። አወያዩ ግማሹን አጠፋው። ደግ አደረገ።

26 ስለ እሳት ነው። የምድጃው ጭስ ማውጫ ቱቦ ከእንጨቱ መራቅ አለበት፣ በቤቱ ዙሪያ 10 ሜትር ያህል ደረቅ ቁጥቋጦ መመንጠር አለበት። 27 ስለ መሬቱ ነው። የስዊድኑ ልጅ ተመልሶ ከሥሩ ሁሌም በረዶ የሆነ አፈር ካለ የቤቱ ሙቀት ራሱ አቅልጦት ቤቱ እንደሚዘም አስጠነቀቀ። ወንድሜን ጠየቅኩት፤ ቦታው ጠጠር እንደሆነና ቆፍሮ እንዳየ ነገረኝ። ለአንድ ቀን ግን እንቅልፍ አጣሁ።

28ኛውን የጻፈው መድረኩ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። የዶርዜ ልጅ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ሸማ ይሸጣል። አምስት ስድስት መስመር ነው። የአያቱ ጎጆ ከቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ የዶርዜ ጎጆ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። እግሩን ምስጥ እየበላው በየዓመቱ ያጥራል። ረጅም የሚሠራው አንድም ለዚህ ነው፤ ሲያጥር ኖሮበት፣ ሲያሻም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞት ቦታ ይቀይራል። ልጅ ሳለ ደረቱ ላይ የነበረው የግድግዳ ሽመና ንድፍ፣ ጎልምሶ ሲመለስ ጉልበቱ ጋ ጠበቀው። መጀመሪያ ያደገው እሱ መስሎት ነበር። የቤቱን መውረድ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ቦታ ይተዋል፤ የፈረንጁ ሽማግሌም የሠራው ይህንኑ እንደሆነ ጻፈ።

ሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

29ኛው የጋሼ ነበር። ይቅርታ አልጠየቁም፤ እኔም ከሳቸው አልጠበቅኩም። ልጅቷን ግን ልጄ ብለው ጀመሩ። ከዚያ ማንም ያላነሳውን ጥያቄ ጠየቁ። ግድግዳው ይወርዳል፣ እሺ። ቤቱ ውስጥ ጣሪያውን የተሸከመ ምሰሶስ የለም? ምሰሶ የቆመ እንጨት ነው፤ አይወርድም። ዙሪያው 13 ሳንቲም ሲወርድ መሃሉ ባለበት ከቀረ ጣሪያው መሃል ላይ እንደ ግመል ይጎብጣል፣ ቆርቆሮውም ይቀደዳል። በረንዳው ላይ የቆሙትስ? ደረጃውስ? ቱቦውስ ጣሪያውን በሚያልፍበት?

ከኔ ሌላ ልጅቷም እንደደነገጠች አውቃለሁ፤ 30ኛው ላይ ይህን እንዳላሰበችው በግልጽ ጻፈች። ጋሼ መጽሐፉን ሳያዩ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ተነስተው፣ የተኛ ይወርዳል የቆመ አይወርድም ከምትለው፣ ዩኮን ያለ ቤት ውስጥ ገብተው ዞረው ወጡ።

በዚያው ሌሊት ለወንድሜ ደወልኩ። ሳቀ። ምሰሶዎቹ ሥር ለምን ብረት እንደተቀመጠ አሁን ገባኝ አለኝ። ፎቶ ላከ፤ 31ኛው ላይ ለጠፍኩት። ከወለሉና ከምሰሶው መሃል ሁለት ወፍራም የብረት ሳህን አለ፤ በመሃላቸው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ጥርስ ያለው ዘንግ ቆሟል፤ ዘንጉ ላይ ትልቅ ዳዶ። ክሪክ ነው፤ መኪና የምናነሳበት ዓይነት፣ ይሄኛው ግን የሚያወርድ። በየጥቂት ወሩ ዳዶውን በቁልፍ ትንሽ ያዞሩታል፤ ምሰሶው ከግድግዳው እኩል ይወርዳል።

ጋሼ ይህን ፎቶ ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው ከጽሑፋቸው ይታያል። 32፣ 33፣ 34፣ 36 የሳቸው ናቸው። ዘንጉ ስንት ሳንቲም ይወርዳል፣ ሳህኑ በምስማር ነው ወይስ በብሎን፣ ዝገትስ? 35ኛው ክሪኩን ሐዋሳ ማሠራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ ለምን እንደሚፈልገው አልተናገረም። 37ኛው ላይ ጋሼ ለወንድሜ ሥራ ሰጡት። መቃኑ ጫፍ ላይ በእርሳስ እንዲያሰምር፣ ቀኑን እንዲጽፍ፣ ከመስመሩ እስከ ግንዱ ያለውን በሜትር ለክቶ እንዲልክ። በየወሩ።

ጥቅምት ላይ 13 ነበር። ከዚያ ምድጃው ነደደ፣ ቤቱ መድረቅ ጀመረ። ታኅሣሥ ላይ 12 ተኩል። ሚያዝያ ላይ 11። እኔ ቁጥሩን ስለጥፍ የማላውቃቸው ሰዎች እንደ ኳስ ውጤት ይጠብቁታል። እናታችን አንድ ቀን ስልኬን ተቀብላ ፎቶዎቹን አየችና አይጥ በዚያ ክፍተት አይገባም ወይ ብላ ጠየቀች። 39ኛው ላይ ጻፍኩላት። የስዊድኑ ልጅ 40ኛው ላይ ሱፉ ከተጠቀጠቀና ጣውላው ከተገጠመ አይገባም አለ፤ እሱ ቤት ግን በሌላ በኩል ገብታለች።

41ኛው የጋሼ ነው፤ የመጨረሻው። ግድግዳው በሩ ጋ 2 ሳንቲም ከወረደ ምሰሶውም ተመጣጥኖ መውረድ አለበት። ወንድሜ ክሪኩን ስንት ዙር እንዳዞረ በአስቸኳይ ይንገራቸው፤ ካላዞረ ዛሬውኑ ያዙር።

መልእክቱን አደረስኩለት። እስካሁን መልስ የለም። ስልኩም አይነሳም፤ ምሰሶው ሥር ተንበርክኮ ይሆናል።